የማሳትላን የግማሽ ቀን ጉብኝት፦ ከአራቱ ሰዓት ስንቱ የእናንተ ነው?

ማሳትላን በሜክሲኮ ፓስፊክ ዳርቻ፣ በሲናሎአ ግዛት የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። የሽርሽር መርከብ ለግማሽ ቀን የሚያወርዳቸውም፣ ሆቴል ይዘው የሚሰነብቱትም መጀመሪያ የሚቀርብላቸው ነገር አንድ ነው፦ በአስጎብኚ የሚመራ፣ አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የከተማ ዙር። ሻጩ ይለያይ እንጂ መንገዱ ከሞላ ጎደል ያው ነው። አሮጌው ከተማ፣ ካቴድራሉ፣ ገበያው፣ ከቋጥኝ ላይ ወደ ባሕር የሚወረወሩት ጠላቂዎች፣ የባሕር ዳሩ ጎዳና፣ ከዚያም የሆቴሎቹ ሰፈር። ስለዚህ እዚህ የሚመዘነው የአንድ ድርጅት ስም ሳይሆን ዙሩ ራሱ ነው። (ሰዓቱን የምንናገረው በአማርኛው አቆጣጠር ነው፤ ቲኬታችሁ ላይ 9:00 የሚለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ወሮቹና ዓመቶቹ ግን እንደ አውሮፓውያን ናቸው።)

ፍርዱን ከፊት ብንናገር ይሻላል፦ ከተማዋን ለማያውቅ ሰው ጥሩ መግቢያ ነው፤ ዋጋውን ማውጣት አለማውጣቱ ግን በአስጎብኚው ጨዋታም በመኪናው ምቾትም አይለካም። አሮጌው ከተማ ውስጥ በእግራችሁ የምትቆዩት ስንት ደቂቃ ነው? ወርቅ ቤት ውስጥ የምትቆዩትስ? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አራት ሰዓት 240 ደቂቃ ነው። አርባ ሰው የጫነ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሰዉ ወርዶ፣ ተሰብስቦ፣ ተቆጥሮ፣ ተመልሶ እስኪቀመጥ አሥር ደቂቃ ያህል ይበላል፤ ስድስት ቦታ የሚቆም ከሆነ አንድ ሰዓት ሄደ። ከወደቡ እስከ ሶና ዶራዳ፣ ማለትም «ወርቃማው ዞን» እስከሚባለው የሆቴልና የሱቅ ሰፈር፣ ደርሶ መልስ ሌላ አርባ፣ ሃምሳ ደቂቃ ነው። ሁለት ሱቅ ላይ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ከተቆመ ደግሞ አንድ ሰዓት ተጨመረበት። የሚተርፈው ሰባ፣ ሰማንያ ደቂቃ ለካቴድራሉ፣ ለገበያው፣ ለአደባባዩ፣ ለቴአትር ቤቱና ለጠላቂዎቹ ይከፋፈላል። ብዙ ሰው «ሁሉንም አየን፣ ምንም አላየንም» ብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ምን ምን ታሳዩናላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ዝርዝሩ መቼም ረጅምና የሚያምር ነው። «የት የት ከመኪና እንወርዳለን? ስንት ስንት ደቂቃ? ስንት ሱቅ አለ?» በሉ። «እንደ ሁኔታው» የሚል መልስ ከመጣ ሱቅ አለ ማለት ነው። ዝርዝሩ ላይ «ፓኖራሚክ» የሚል ቃል ካያችሁ ደግሞ ያንን ቦታ በመስኮት ታያላችሁ እንጂ አትወርዱም። ሱቅ የሌለበት ዙር ብዙ ጊዜ ትንሽ ይወደዳል፤ ያ ልዩነት የራሳችሁን አንድ ሰዓት መልሳችሁ የገዛችሁበት ነው።

ጥሩ ዙር በጠዋቱ የሚጀምረው ከአሮጌው ከተማ ነው። ማሳትላን ከትሮፒክ ኦፍ ካንሰር (የሐሩሩ ክልል ሰሜናዊ ወሰን) ጥቂት ወደ ደቡብ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ከ5 ሰዓት በኋላ ጥላ የሌለው የድንጋይ መንገድ ላይ ቆሞ ታሪክ የሚያዳምጥ የለም። መጀመሪያ ወደ ሶና ዶራዳ የሚወስዳችሁ ዙር ሱቁን ባልደከመ እግርና ባልተነካ ገንዘብ ያስጎበኛችኋል፤ አሮጌው ከተማ የምትደርሱት በቀትር ነው። በመነሻ ሰዓት ምርጫ ካላችሁ የጠዋቱን ውሰዱ።

ገበያውና ካቴድራሉ ጎረቤት ናቸው። የፒኖ ሱዋሬስ ገበያ በ1900 የተጠናቀቀ የብረት ሕንፃ ነው፤ ምድር ቤቱ ሥጋ፣ ዓሣ፣ አትክልት፣ አይብና የቱሪስት ዕቃ ጎን ለጎን የሚሸጥበት ሲሆን ፎቁ ላይ ርካሽ ምግብ ቤቶች አሉ። ዙሩ እዚህ አሥራ አምስት ደቂቃ ከሰጣችሁ የቲሸርቱን ረድፍ ትታችሁ ወደ ዓሣው ግቡ። የንጽሕት ድንግል ካቴድራል ሥራው በ1856 ተጀምሮ በ1899 ነው ያለቀው፤ ሁለቱ ማማዎቹ በቢጫ ሸክላ የተለበጡ ናቸው። አስጎብኚዎች መስኮቶቹ ላይ ያለውን የዳዊት ኮከብ ማሳየት ይወዳሉ፤ አይሁድ ነጋዴዎች ለግንባታው ገንዘብ ስለሰጡ ነው ብለው ይተርካሉ። ታሪኩ ይማርካል፤ እንደ አፈ ታሪክ ያዙት። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ መሃሉን አቋርጦ መሄድና ፎቶ ማንሳት ነውር ነው፤ ደህና አስጎብኚ ያኔ ውጭ አቁሞ ይነግራችሁና በኋላ ያስገባችኋል።

ከገበያው ጥቂት ብሎኮች ወረድ ብሎ፣ በአኪሌስ ሴርዳን ጎዳና ላይ፣ ዙሩ ብዙ ጊዜ የሚዘለው ነገር አለ። ቻንጌራስ የሚባሉ ሴቶች በትልልቅ ጃንጥላ ሥር ተደርድረው ሽሪምፕ ይሸጣሉ። በረዶ ላይ በየመጠኑ የተከመረ፣ ከጭንቅላቱ ጋር ያለ፣ ግራጫ፣ ሰማያዊና ቡናማ ሽሪምፕ ነው፤ በኪሎ ይመዘናል፣ እንደ ትልቅነቱም ዋጋው ይወጣል። ማሳትላን ከሜክሲኮ ዋና ዋና የሽሪምፕ ወደቦች አንዷ ስለሆነች የከተማዋን ኑሮ ከየትኛውም ሐውልት ይልቅ ይህ ጎዳና ይናገራል። አስጎብኚውን «ቻንጌራስ ጋ አምስት ደቂቃ» ብላችሁ ጠይቁ፤ መኪናው ትንሽ ከሆነ አብዛኛው ጊዜ እሺ ይላል። ትልቅ አውቶቡስ ግን ማቆሚያ አያገኝም።

አሁን ወደ ፕላሱዌላ ማቻዶ። ከካቴድራሉ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ከፊሊፒንስ በመጣ ባለጸጋ ነጋዴ በሁዋን ኔፖሙሴኖ ማቻዶ ስም የተሰየመ፣ በዘንባባና በብረት አግዳሚ ወንበር የተከበበ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ የሙዚቃ መድረክ ያለው አደባባይ ነው። ዙሪያውን ያሉት ቤቶች ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ፣ ረጃጅም በርና የብረት በረንዳ ያላቸው የ19ኛው መቶ ዘመን የነጋዴ ቤቶች ናቸው። የያኔዎቹ ጀርመን፣ ስፔንና ፈረንሳይ ነጋዴዎች ከተማዋ ላይ አሻራቸውን ትተዋል፤ የፓሲፊኮ ቢራ ፋብሪካ በ1900 የተቋቋመው በጀርመኖች ነው፤ ባንዳ የሚባለው የሲናሎአ ሙዚቃ ከበሮና ጥሩንባ የሚበዛበትም ከዚያ ተጽዕኖ የተነሳ ነው ይባላል። አደባባዩ በጠዋት ጸጥ ያለ ነው፤ ወንበር የሚያወጣ አስተናጋጅ፣ የሚጠርግ ሰው፣ ሌላ የለም። ጠረጴዛው የሚሞላው፣ ሙዚቃው የሚነሳው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የግማሽ ቀኑ ዙር ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ የትኛውም አስጎብኚ ሊያስተካክለው አይችልም። ከተማዋ ውስጥ የምታድሩ ከሆነ በምሽት ተመለሱ።

ከአደባባዩ አጠገብ የአንሄላ ፔራልታ ቴአትር አለ። ዙሩ ወደ ውስጥ ካላስገባችሁ ቅር ሊላችሁ የሚገባው እዚህ ነው። ቴአትሩ በ1874 ሲከፈት ስሙ ቴአትሮ ሩቢዮ ነበር። በነሐሴ 1883 «የሜክሲኮ ሌሊት ዘማሪ ወፍ» የምትባለው ሶፕራኖ ዘፋኝ አንሄላ ፔራልታ ከኦፔራ ቡድኗ ጋር በመርከብ ገባች፤ ከተማው ሆ ብሎ ተቀበላት። ቢጫ ወባ ግን ቀድሟት ነበር፤ በቀናት ውስጥ አብዛኛው ቡድኗ አለቀ፤ እሷም በነሐሴ 30 ቀን፣ በ38 ዓመቷ፣ ከቴአትሩ አጠገብ ባለው ሆቴል ሞተች። እስትንፋሷ ሊወጣ ሲል ከወዳጇ ጋር ጋብቻ መፈጸሟ ይነገራል። የቴአትሩ ዕጣም ከዚህ ብዙ አይሻልም፦ ሲኒማ ቤት ሆነ፣ የቦክስ መጋጠሚያ ሆነ፣ በ1975 አውሎ ነፋስ ኦሊቪያ ጎዳው፣ ጣሪያው በሌለበት አዳራሽ ውስጥ ዛፍ በቀለ። ታድሶ የተከፈተው በ1992 ነው። ዛሬ ገብታችሁ ስታዩት፣ በብረት አጥር የተዋቡት ሦስት ፎቅ ሰገነቶች የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይዘው መድረኩን ከበው ታገኛላችሁ። በቀን መግቢያው ጥቂት ፔሶ (የሜክሲኮ ገንዘብ) ነው። ልምምድ ባለበት ቀን ግን አዳራሹ ሊዘጋ ስለሚችል አስጎብኚው አስቀድሞ ደውሎ ማረጋገጥ አለበት፤ በር ላይ ደርሶ «ዛሬ ዝግ ነው» የሚል አስጎብኚ ሥራውን አልሠራም።

ከማቻዶ ወደ ምዕራብ አምስት ደቂቃ ስትራመዱ ኦላስ አልታስ ትደርሳላችሁ፤ የከተማዋ የመጀመሪያዋ የባሕር ዳርቻ ናት። ማለዳ አዛውንቶች የሚዋኙበት ከባሕሩ ጋር የተያያዘ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ካርፓ ኦሊቬራ፣ እዚያው አለ። ማዕበሉ በግንቡ ላይ እየዘለለ ገንዳውን ይሞላዋል።

ጠላቂዎቹ ያሉት ከዚያ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በፓሴዮ ክላውሰን ላይ ነው። ይህን ቦታ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ዙሮች የሚያበላሹት እዚህ ነውና። ባሕሩ ውስጥ የገባ ቋጥኝ አለ፤ ጫፉ ላይ መቆሚያ ተሠርቶበታል። ከታች ያለው ውኃ ጥልቅ አይደለም፤ ድንጋዩም ሩቅ አይደለም። ጠላቂው ጫፉ ላይ ቆሞ ወደ ሕዝቡ አይመለከትም፤ ወደ ባሕሩ ነው። የሚጠብቀው ከሩቅ የሚመጣ ወፍራም ሞገድ ነው፤ ሞገዱ ገብቶ ሸለቆውን ሲሞላው ውኃው ከፍ ይላል፣ ሲመለስ ይጎድላል። የሚወረወረው ሞገዱ ሲደርስ ሳይሆን ሊደርስ ሲል ነው፤ እሱ በአየር ላይ ሳለ ውኃው ከሥሩ መሙላት አለበትና። አንድ ሰከንድ ብትዛነፍ የሚያገኘው አሸዋና ድንጋይ ነው። ስለዚህ «ቶሎ በል» ብሎ ማጨብጨብ ከንቱ ነው። ባሕሩ ጸጥ ባለበት ወይም ውኃው በጎደለበት ሰዓት ጨርሶ ላይዘል ይችላል፤ ያ ስንፍና አይደለም፣ ልክ ነው።

ጠላቂዎቹ ደመወዝ ከዙሩ የሚያገኙ አይደሉም፤ የሚኖሩት ከሚሰበሰብ ጉርሻ ነው። አንዱ ባልዲ ወይም ኮፍያ ይዞ ይዞራል፤ ሕዝቡ ካልበቃ ወይም ባልዲው ባዶ ከሆነ ጠላቂው ይቀመጣል። ከመኪና ስትወርዱ 20 ወይም 50 ፔሶ በእጃችሁ ያዙ። ገንዘቡን ለአስጎብኚ ሰጥቶ «አድርስልኝ» ከማለት ራሳችሁ ስጡ። ለፎቶ የሚመቸው ከግንቡ በስተ ግራና ቀኝ ጠርዝ ነው፤ መሃል ከቆማችሁ የሌሎችን ስልክ ነው የምታነሱት። ዙሩ እዚህ ከሃያ ደቂቃ በታች ከመደበ፣ ሞገዱ ሳይመጣ ጥሩምባ ተነፍቶ ወደ መኪና መመለስ የተለመደ ነው።

ማሌኮን፣ የባሕር ዳሩ ጎዳና፣ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ይህን በመኪና ማለፍ ተገቢ ነው። ሐውልቶቹን አስጎብኚው እየጠራ ያልፋል፦ የዓሣ አጥማጁ፣ የአጋዘኑ (ማሳትላን በናዋትል ቋንቋ «የአጋዘን ስፍራ» ማለት ነው)፣ በ1917 እዚህ የተወለደው ዘፋኝና ተዋናይ ፔድሮ ኢንፋንቴ በሞተር ሳይክሉ ላይ፣ የቢራ ፋብሪካው የመዳብ ጋን። ለመቀመጫ ምርጫ ካላችሁ ወደ ሰሜን ስትሄዱ በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ባሕሩ በግራ ነው። ሶና ዶራዳ ላይ ብዙ የሚባል የለም፤ ሆቴል፣ ሱቅ፣ ባሕር ዳርቻ፣ ከፊት ለፊት ሦስቱ ደሴቶች። እዚያ ሆቴል ይዛችሁ ከሆነ ለዚህ የዙሩ ክፍል የምትከፍሉት ሰፈራችሁን ለማየት ነው።

ሴሮ ዴል ክሬስቶን ላይ ያለው ኤል ፋሮ፣ የመርከቦች መብራት ማማ፣ ከባሕር ጠለል 157 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የሚደረሰው በእግር ብቻ ነው። አቀበቱ መጨረሻ ላይ ከ300 በላይ ደረጃ አለው። በመደበኛው የግማሽ ቀን ዙር ውስጥ አይገባም፤ ዝርዝሩ ላይ ስሙ ቢጻፍም ከታች አይታችሁ ታልፋላችሁ። መውጣት የምትፈልጉ ሌላ ቀን ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ውኃ ይዛችሁ ውጡ። ከተማዋን ከላይ ማየት ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ ሴሮ ዴ ላ ኔቬሪያ ይቀላል። «የበረዶ ቤት ኮረብታ» የተባለው በ19ኛው መቶ ዘመን ከሳን ፍራንሲስኮ በመርከብ የመጣ በረዶ በሥሩ ባለው ዋሻ ይቀመጥ ስለነበር ነው።

አሁን ስለ ሱቆቹ። አስጎብኚውና ሾፌሩ ከምትገዙት ላይ ኮሚሽን ያገኛሉ፤ ምስጢር አይደለም፣ የብዙ ርካሽ ዙሮች ዋጋ የሚሸፈነው በዚያ ነው። ስለዚህ «ለእናንተ ልዩ ቅናሽ» ሲባል ኮሚሽኑ ዋጋው ውስጥ እንዳለ ቁጠሩ። መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ውጭ ጥላ ሥር መቀመጥም ይቻላል። የብር ጌጥ ከፈለጋችሁ 925 የሚል ማኅተም ፈልጉ። አልፓካ የሚባለው ነጭ ብረት ብር የሚል ስም ቢሰጠውም ምንም ብር የለበትም፤ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። በትልቅ ጠርሙስ በርካሽ የሚሸጠው «ቫኒላ» አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ አንዳንዱ ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር ይኖርበታል፤ አሜሪካ ከ1954 ጀምሮ በምግብ ውስጥ ከልክላዋለች። እውነተኛ ቫኒላ በጠርሙስ ትንሽ፣ በዋጋ ውድ ነው።

«ተኪላ ቅምሻ» የሚባለውም ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ተኪላ የሚለውን ስም በሕግ መያዝ የሚችለው በሃሊስኮ ግዛትና በናያሪት፣ ጓናሁዋቶ፣ ሚቾአካንና ታማውሊፓስ ውስጥ በተወሰኑ ወረዳዎች የተሠራ ብቻ ነው። ሲናሎአ ከዚያ ውጭ ናት። ስለዚህ ማሳትላን አካባቢ ከሰማያዊ አጋቬ (ተኪላ ከሚሠራበት እሾሃማ ተክል) የሚጠመቀው መጠጥ አሠራሩ አንድ ሆኖ ስሙ «የአጋቬ አረቄ» ነው። «የማሳትላን ተኪላ» የሚላችሁ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው። መጠጡ ራሱ ግን መጥፎ አይደለም።

በምን ትሄዳላችሁ? ከመርከብ ላይ የሚገዛው ዙር ይወደዳል፣ ሰው ይበዛበታል፤ ጥቅሙ ዙሩ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። ከከተማ የሚገዛ የሚኒባስ ዙር ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰው ሲይዝ ከሁሉ የተሻለው ነው፤ በየመቆሚያው የሚባክነው አሥር ደቂቃ ወደ ሦስት ይወርዳል፣ ጠባብ መንገድም ይገባል። አስጎብኚው አንገቱ ላይ የሜክሲኮ ፌዴራል ቱሪዝም ሚኒስቴር የሰጠውን ባለ ፎቶ መታወቂያ ማንጠልጠል አለበት። መንገድ ላይ በፕላስቲክ የተለበጠ ካርድ ብቻ እያሳየ የሚጠራችሁን እለፉት።

ሦስተኛው መንገድ ፑልሞኒያ ነው። ስሙ በስፓኒሽ «ሳንባ ምች» ማለት ነው። በ1965 ይህ በርና መስኮት የሌለው ታክሲ ሲመጣ፣ ተፎካካሪ የታክሲ ነጂዎች ነፋሱ ሳንባ ምች ያስይዛል ብለው አስወሩበት፤ ወሬው ስም ሆኖ ቀረ። ሲሠራ የኖረው በቮልስዋገን ሞተር ነው፤ ሦስት፣ አራት ሰው ይይዛል፤ ከኋላ የባንዳ ሙዚቃ የሚጮህበት ድምፅ ማጉያ አይጠፋበትም። ለሁለትና ለሦስት ሰው በሰዓት ተከራይቶ መዞር ከአውቶቡሱ ዙር ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ የምትፈልጉበት ቦታ ትቆማላችሁ። ነገር ግን ከመሳፈር በፊት አራት ነገር ተስማሙ፦ ዋጋው በመኪና ነው ወይስ በሰው፣ በፔሶ ነው ወይስ በዶላር፣ ስንት ሰዓት ነው፣ የመጠበቂያ ጊዜ ተካቷል ወይ። ክፍያው መጨረሻ ላይ ነው። ነጂው መንገድ ያውቃል፤ ታሪክ ግን ከሁሉም አይጠበቅም። ጎኑ ክፍት ስለሆነ ለትንንሽ ልጆች አይመችም። ሰው ከበዛ አውሪጋ የሚባለው አግዳሚ የተገጠመለት ቀይ ፒክአፕ አለ። በሆቴሎቹ ሰፈር ለሚያድሩ ደግሞ «ሳባሎ ሴንትሮ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የከተማ አውቶቡስ ባሕሩን ተከትሎ እስከ ገበያው ያደርሳል፤ ከሁሉ ርካሹ ይኸው ነው።

ስለ ገንዘብ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በምልክቱ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ፔሶም የሚጻፈው በዶላር ምልክት ነው። ምናሌ ላይ 200 ከምልክቱ ጋር ካያችሁ 200 ፔሶ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ግን ሻጩ ሆን ብሎ «ዶላር» ሊል ይችላል። «ፔሶስ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ዶላር ብዙ ቦታ ይቀበላሉ፤ ምንዛሬውን የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። ከባንክ ማሽን ፔሶ ስታወጡ «በአገርዎ ገንዘብ ይመንዘርልዎ?» ቢላችሁ እምቢ በሉ፤ የራሳችሁ ባንክ ምንዛሬ ይሻላል። የአሜሪካ ሳንቲም ጉርሻ አትስጡ፤ ባንክ ሳንቲም ስለማይመነዝር ለሾፌሩ ከጠጠር አይሻልም። ጉርሻ ለአስጎብኚውና ለሾፌሩ ለየብቻ ነው፤ ምግብ ቤት ከገባችሁ ከ10 እስከ 15 በመቶ የተለመደ ነው።

ዙሩ ምሳ ላይ ካደረሳችሁ አጉዋቺሌ ይቀርብላችኋል፦ በሎሚ ጭማቂ፣ ቺልቴፒን በምትባል ክብ ደቃቃ ቃሪያ፣ በኪያርና በቀይ ሽንኩርት የተለወሰ ጥሬ ሽሪምፕ። የሲናሎአ ኩራት ነው፣ ጣፋጭም ነው። ነገር ግን ሎሚው ሥጋውን ያጠነክረዋል እንጂ አያበስለውም፤ ሆዱ ለሚቸኩልበትና ከዚያ በኋላ መጸዳጃ የሌለው ሚኒባስ ውስጥ ለሚገባ ሰው የተጠበሰው ይሻለዋል።

የመርከብ ተሳፋሪን ከሁሉ በላይ የሚያስቀረው ሰዓት ነው። ሲናሎአ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት ትጠቀማለች፤ ሜክሲኮ በ2022 አብዛኛውን አገር ከበጋ ሰዓት ለውጥ አውጥታለች። ከካሊፎርኒያ ተነስቶ በፈረንጆች ክረምት (ከኅዳር እስከ መጋቢት መግቢያ) የሚመጣ መርከብ የካሊፎርኒያን ሰዓት ይዞ ከሄደ ማሳትላን አንድ ሰዓት ትቀድመዋለች፤ በፈረንጆች በጋ ግን እኩል ናቸው። ቀጣዩ ወደብ ፖርቶ ቫያርታ ከሆነ ደግሞ እዚያ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። ስልካችሁ ወደ አካባቢው ሰዓት ራሱ ይቀየራል፤ የመርከቡ ማስታወቂያ ግን በመርከቡ ሰዓት ነው። ስትወርዱ በሩ ላይ የተሰቀለውን የመርከብ ሰዓት ከስልካችሁ ጋር አስተያዩ፣ ልዩነቱን ጻፉ፣ ለአስጎብኚውም ንገሩት። በራሳችሁ በገዛችሁት ዙር ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ወደብ ለመድረስ አቅዱ።

ወቅቱን በተመለከተ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅና ለስላሳ ነው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ሙቀቱና ወበቁ ከባድ ነው፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ አውሎ ነፋስ ሊመጣ ይችላል። ከ1898 ጀምሮ በይፋ የሚከበረው ካርኒቫል ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ያሉትን ቀናት ይይዛል፤ ያኔ ኦላስ አልታስ ለመኪና ይዘጋል፣ ዙሩም አሮጌውን ከተማ ሊዘል ይችላል። በእነዚያ ቀናት የምትገዙ ከሆነ የተለወጠውን መንገድ በጽሑፍ ጠይቁ።

ስለ ጸጥታ መሸፋፈን አያስፈልግም፤ ሲናሎአ ስሟ በወንጀል ቡድኖች የሚነሳ ግዛት ናት። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ግዛቷን በከፍተኛው የማስጠንቀቂያ ደረጃ ላይ አስቀምጦ፣ ለራሱ ሠራተኞች በማሳትላን ሲፈቅድ የቆየው ሶና ዶራዳን፣ ታሪካዊውን ማዕከልና የሚያገናኟቸውን ቀጥታ መንገዶች ነው። የግማሽ ቀኑ ዙር ከዚህ ክልል አይወጣም። ወደ ገጠር የሚወስደውን ዙር ስትመርጡ ግን የዕለቱን ማሳሰቢያ አንብቡ።

ሁለት ነገር ደግሞ ለሚያስፈልጋቸው፦ አሮጌው ከተማ ያለው የእግረኛ መንገድ ከፍ ያለ ጠርዝና ድንገተኛ ደረጃ ስላለው ለተሽከርካሪ ወንበር ያስቸግራል፤ ሲገዙ መኪናው ማንሻ እንዳለው ጠይቁ። የሚሄዱበት ጫማ ደግሞ የማያንሸራትት ይሁን፤ የገበያው ወለል ከዓሣው በረዶ የተነሳ ሁልጊዜ እርጥብ ነው።

ዙሩ መጨረሻ ላይ ወደ ወደቡ ሲመለስ አብራችሁ መመለስ ግዴታችሁ አይደለም። ጊዜ ከተረፋችሁ አስጎብኚውን ማቻዶ ላይ እንዲያወርዳችሁ ንገሩት፤ ስማችሁን ከዝርዝሩ እንዲሰርዝም አስታውሱት፣ አለዚያ ሌሎቹ እናንተን ሲጠብቁ ይቆማሉ። ከመሃል ከተማው እስከ ወደቡ በር መሬት ላይ የተቀባ ሰማያዊ መስመር አለ፤ ያንን ተከትላችሁ በሃያ ደቂቃ ገደማ በእግር ትደርሳላችሁ። ከበሩ በኋላ ግን ወደቡ የጭነት ወደብ ስለሆነ በእግር አይኬድም፤ እስከ መርከቡ የሚያደርሰውን ትንሽ ተጎታች መኪና ተሳፈሩ።